«ላኪ» ሲጠብቅና ሲላላ

የበደለችኝ ጽጌ ናት። የሟቹ ባሌ ታላቅ እህት፣ አጋሮ ውስጥ ከቡና ማጠቢያው ከፍ ብሎ ባለው ቤት የምትኖረው። የበደለችኝ በጥቅምት፣ የእሸት ቡና ለቀማ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በስልክ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «እትዬ» እና «እርስዎ» ስላት ኖሬያለሁ። ተናድጄም ሆነ ተሳስቼ አንድም ቀን «አንቺ» ብያት አላውቅም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገኛል። ከዚህ በኋላ ግን ጽጌ ናት።

ይህን የምጽፈው ለአጋሮና ለጅማ፣ ለደዶና ለሰኮሩ ሰው፣ በተለይ ሴት ልጅ ላላችሁ ነው። እዚህ ጅቡቲ ከእኔ ጋር ላላችሁትም ነው፤ እናንተ ግን አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አልማዝ፣ አንቺ ሁለቱንም ኖረሽባቸዋል፤ ጅቡቲ ይሻላል ባህሬን?» ሁለቱም ትናንሽ አገሮች ናቸው። ሁለቱም ባሕር እንጂ ወንዝ የላቸውም፤ ሁለቱም ይግላሉ፤ ሁለቱም የሚበሉትን ከውጭ ያስመጣሉ። ከጅማ የተነሣ መኪና ሰኮሩ ሳይደርስ የባህሬን መሬት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልቃል። ጅቡቲ ከዚያ ትሰፋለች፤ ግን ሰዉ ሁሉ የተጠጋጋው አንድ ከተማ ውስጥ ነው። አንዱ አገር ሀብታም ነው፣ አንዱ ድሃ። መልሱን እነግራችኋለሁ። ግን በራሴ ቅደም ተከተል ነው የምነግራችሁ፤ ያኔ ቸኩዬ ነግሬ የመጣውን አይቻለሁ።

ከአጋሮ የወጣሁት በነሐሴ፣ ሊነጋ ሲል፣ ዝናቡ ሳያባራ ነው። ባሌ ማሞ የቡና ጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በጉበት ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። እኔ መጋዘን ውስጥ ከሴቶች ጋር ተቀምጬ ጥቁሩንና የተሰበረውን ቡና ከጥሩው እለይ ነበር። ዓይኔ ደከመ፣ ወገቤም አለቀ። ልጃችን ራሔል ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ዘግይታ የመጣች፣ አንዲት ልጅ። የምንኖረው ጽጌ ግቢ ውስጥ ነበር።

ራሔልን ልስማት ጎንበስ ስል ዓይኗን ጨፍናለች። ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ሳስተካክል ጫማዋን አድርጋ ነው የተኛችው። ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች። ተኝታለች ብዬ ራሴን አሳመንኩና ወጣሁ።

ጽጌ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማ ነበር። «የሹፌር ሚስት ደግሞ የት ልትደርስ ነው?» አለች፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«እስከ ጅቡቲ ነው እትዬ» አልኳት። «ራሔልን አደራ። ከእንግዲህ እናቷ እርስዎ ነዎት።»

«ሂጂ፣ ሂጂ። ልጅቷ ልጄ ናት።»

ሰኮሩ ላይ አውቶቡሱ ለቁርስ ቆመ። ከጎናችን ወደ ጅማ የሚመለስ ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ አንድ ሰው ይጠብቅ ነበር። ሹፌሩ አየኝና «እማማ፣ ጅማ ነዎት?» አለኝ። የዚያን ጊዜ ገና እማማ የምባል አልነበርኩም። አይደለሁም አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት አልጽፍም።

ድንበሩ ላይ ያገኘሁት ሹም ወረቀቴን ገልብጦ ሲያይ ቆየና ምን ልትሠሪ ነው የምትገቢው አለኝ።

«ዘመድ ልጠይቅ።»

«ዘመድሽ ማን ትባላለች?»

ከፊቴ የነበረችው ሴት የተናገረችውን ስም ደገምኩት። «ሐዋ።»

«ጅቡቲ ውስጥ ከሴቱ ግማሹ ሐዋ ነው።»

«እንግዲህ ዘመዴ ብዙ ነው» አልኩት። ሳይስቅ ማኅተሙን መታልኝ። እግዚአብሔር ሲያዝንልኝ ያከራየችኝ ሴትዮም ሐዋ ሆነች። ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚፈጥን፣ ስትናገር የተጣላች የምትመስል የሶማሌ ሴት ናት። ባልባላ ከሚባለው ሰፈር የቆርቆሮ ክፍል አሳየችኝ።

«ውሃ አለው?» አልኳት።

«አለው።»

«መብራትስ?»

«አለው።»

«መቼ መቼ?»

«ሲኖር!» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ከፓሪስ ነው የመጣሽው?»

ስድስት ዓመት ኖርኩ። በመጀመሪያ ስለ ጅቡቲ ኑሮ ልንገራችሁ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ሻዩም ሩዙም ያንኑ ይላል። በሐምሌ ካምሲን የሚሉት ንፋስ ሲነሣ አሸዋው ከነትኩሳቱ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ልክ የዚያን ጊዜ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ከባልባላ ሆኜ ወደቡን ሳየው የመርከብ ማራገፊያው አምፖል ሁሉ በርቶ ይታየኛል፣ እኛ ጨለማ ውስጥ ነን። በእኩለ ቀን ጫት ሲገባ ከተማው በሙሉ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ፍየሎቹ ካርቶን ይበላሉ። ዳቦው ግን፣ ባጌት የሚሉት ረጅሙ፣ ጠዋት ትኩሱን ሲወጣ አጋሮ ውስጥ እንደዚያ ያለ ዳቦ በልቼ አላውቅም፤ እውነት እውነት ነው። ናፍቆቴ ዝናብ ነበር። እኛ ዘንድ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ወሬውን አቋርጦ እስኪያባራ ይጠብቃል። እዚህ ቆርቆሮው አለ፣ የሚያቋርጠን ነገር የለም።

አንድ ጊዜ ወባ ያዘኝ። ሐኪም ቤት ስሄድ ፓፒዬ አምጪ አሉኝ፤ ወረቀት ማለታቸው ነው። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም። ሐዋ አራት ቀን ከጎኔ ተቀምጣ ጨርቅ እያረጠበች ግንባሬ ላይ አደረገችልኝ፤ አራቱንም ቀን ግን ስትሰድበኝ ነበር። «ሙች እንግዲህ፣ ክፍሉን ለሌላ ላከራየው!» እያለች ሾርባ ታጠጣኛለች። የጅቡቲ ነገር እንዲህ ነው።

ምግብ የምሠራላት እመቤት እህት ባህሬን አግብታ ነበር። ያቺ እህት፣ ማዳም የምላት፣ ለቤቷ ሠራተኛ ፈልጋ ጠየቀችኝ፤ ፓስፖርትም አስወጥታልኝ በአውሮፕላን ሄድኩ። ራሔል ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ባህሬንን እንዴት ልንገራችሁ? መንገዱ ላይ ሣር አለ፤ ሣሩን ዝናብ ሳይሆን ቱቦ ነው የሚያጠጣው። ባሕሩን በአሸዋ እየደፈኑ ቤት ይሠሩበታል። ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይመጣል፣ ሁልጊዜ ይመጣል። ቆሻሻው በየቀኑ ይነሣል። ቤቱ ውስጥ ኤሲ ስላለ በነሐሴ ሹራብ የምለብስ እኔ ነበርኩ። ሰው አይጮህም። ጎረቤትም አይመጣም። አራት ዓመት ስኖር የጎረቤታችንን ሴት ፊት አላየሁም፤ የማውቀው የመኪናዋን ቀለም ነው።

አንድ ቀን ማዳም ሩዙ ደርሷል ወይ አለችኝና እኛ እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልኩ። አዎ ማለቴ ነው። ማዳም ማንኪያውን ጣለች። «ልብሽ ነው?» ብላ በመኪና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ወለሉ ፊት ያሳያል። ሦስት ሰዎች ደረቴ ላይ ሽቦ አድርገው ልቤን በመስታወት አሳዩኝ። ጤነኛ ነው አሉ። በሕይወቴ ከገባሁባቸው ሐኪም ቤቶች የሚበልጠው ያ ነው፤ የገባሁት ደግሞ አዎ ስላልኩ ነው።

ለአገር ቤት የነገርኩት ይህን ሁሉ ነው። በድምፅ መልእክት እየቀረጽኩ ለራሔል እልክ ነበር። ውሃው እንዴት እንደማይቋረጥ፣ ሣሩ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ጅቡቲ ይህ አልነበረም ባህሬን ግን አለ እያልኩ። ጽጌ ሳሎን ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርገው እንደሚሰሙት፣ ጎረቤትም እንደሚሰበሰብ አውቅ ነበር። ያልነገርኳቸው፣ ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን መሆኑን፣ መስኮት እንደሌለው፣ ማታ በሩ ከውጭ እንደሚቆለፍ፣ ፓስፖርቴ ማዳም ካዝና ውስጥ እንደሆነ ነው። ለምን አልተናገርሽም የምትሉ ካላችሁ፣ የሹፌር ሚስት የት ልትደርስ ነው ያለችው ሴት እየሰማች ስለነበረ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጽፈው።

ጽጌ የደወለች ቀን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። የማሽኑ ድምፅ አለ፣ ማዳም ከላይ ትጣራለች፣ መስመሩ ይቆራረጣል።

«አልማዝ፣ ይቺ ልጅ እናቴ ጋ ልሂድ ብላ ቆርጣለች» አለችኝ። «የሚወስዳት ሰውም ተገኝቷል። ምን ትያለሽ፣ ልላካት?»

ራሔል ያን ጊዜ ጅማ ኮሌጅ ነርስነት ትማር ነበር። ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷት ነበር።

«ላኪ!» አልኩ። «ላኪ እትዬ፣ ላኪ!»

«ቶሌ» አለች ጽጌ። እሺ ማለቷ ነው በኦሮምኛ። ስልኩ ተዘጋ፤ እኔም ወደ ሸሚዜ ተመለስኩ። ልቤ አርፎ ነበር።

የጅማ ሰው ይህን ሲያነብ ገብቶታል። ለሌላው ላስረዳ። በኦሮምኛ «ላኪ» አይሆንም፣ እምቢ፣ በፍጹም ማለት ነው፤ «ኪ»ዋ ትጠብቃለች። በአማርኛ «ላኪ» ሴትን እንድትልክ ማዘዝ ነው፤ «ኪ»ዋ ትላላለች። በፊደል ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፣ ቤታችን አማርኛ ነው፤ ግን ጅማ፣ ከጅሬን ኮረብታ ሥር ያደገ ሰው ሲደነግጥ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጮህ አይመርጥም። «አይሆንም» የቢሮ ነው። «ላኪ» ለገዛ ወገን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከራሔል መልእክት መጣ። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። «እማ፣ ላኪ ማለትሽን እትዬ ነገረችኝ። ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። ጅቡቲ ደርሻለሁ፤ ሙቀቱ አንቺ እንዳልሽው ነው። በባሕር ነው የምንሻገረው አሉን። እየመጣሁልሽ ነው።»

አትምጪ ብዬ ጻፍኩ። ባለሽበት ቁሚ፣ ሐዋ የምትባል ሴት ባልባላ አለችና ፈልጊያት ብዬ ጻፍኩ። መልእክቱ መላኩን እንጂ መድረሱን የሚያሳይ ምልክት አልመጣም። ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ጽጌ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግሁ? ላኪ አልሽ፣ ላክኋት።»

«አይሆንም ማለቴ ነበር! ላኪ ያልኩት በኦሮምኛ ነው!»

«እኔ በምን አውቃለሁ? በአማርኛ አልነበር ስናወራ የነበረው? ደግሞስ አራት ዓመት ሙሉ ገነት ነው እያልሽ የነገርሽን ማን ነው?»

እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡት። በአማርኛ ላኪያት ማለት ብፈልግ ኖሮ «ይላኳት» ነበር የምለው። ሃያ አራት ዓመት እርስዎ ያልኳትን ሴት፣ ልጄን አደራ የሰጠኋትን ሴት፣ በድንገት «ላኪ» ብዬ እንደ ታናሼ አላዛትም። ይህን ጽጌ ታውቃለች። ከአጋሮ ሴት ሁሉ አንቺ መባልን የምትጠላ እሷ ናት። በዚያ ላይ የመለሰችልኝ «ቶሌ» ብላ ነው። ቃሌን በየትኛው ቋንቋ እንደሰማችው መልሷ ይናገራል።

ለምን እንዳደረገችው ያወቅሁት ኋላ ነው። የነገረችኝ ሰናይት ናት፤ የጽጌ የልጅ ልጅ፣ ጽጌ እንደ ልጇ ያሳደገቻት፣ የራሔል እኩያ። ጽጌ ከአንድ ደላላ ጋር ሆና ከአጋሮና ከገጠሩ ሴት ልጆች ታሰባስብ ጀምራ ነበር። እናቶቹ አላመኗትም። «ደግ ነገር ከሆነ ከራስዎ ቤት ለምን አልሄደም?» ይሏታል። ስለዚህ ከራሷ ቤት አንዲት ልጅ መሄድ ነበረባት። ሰናይትን አልላከችም። ልጄ ናት ያለቻትን ላከች። ከራሔል በኋላ ስድስት ልጆች ሄዱ።

ማዳምን ፓስፖርቴን ስጪኝ አልኳት።

«ምን ጎደለሽ?» አለችኝ። «ኤሲ አለሽ።»

«ልጄ ጎደለችኝ።»

«ልጅሽ ወደዚህ እየመጣች ነው አላልሽም? ትምጣ! የባሌም እህት ሠራተኛ ያስፈልጋታል።»

ወደ አንድ የሠራተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ቀዝቃዛ ነው፣ ወረፋ የለም፣ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ የሚጠጣ ውሃ በነጻ አለ። የጅቡቲ ቢሮዎችን ለማታውቁ፣ ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው።

«ከየት ነሽ?»

«ከጅማ።»

«ጅማ አገር ነው?»

«ከአገራችሁ ይሰፋል።»

«ታዲያ እዚያ ቦታ ካለ ለምን መጣሽ?» አለኝ፣ ለማወቅ ፈልጎ እንጂ ሊሰድበኝ አይደለም። ከዚያ ኮምፒውተሩን አየና፣ አሠሪሽ ካልፈቀደች ጉዳዩ ይጠናል፣ በመልእክት እናሳውቅሻለን አለኝ። በሥርዓት ያዘው፤ ቁጥር ሰጠኝ። ፓስፖርቴ እጄ እስኪገባ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በአሥራ አንዱ ቀን ማንም አልጮኸብኝም።

ጅቡቲ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ፖሊስ ፓስፖርቴን አይቶ ሳቀ። «ከባህሬን ወደ ጅቡቲ? ሰው ከዚህ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ተገልብጠሽ ነው?»

«ልጄ ወደዚያ ሄዳለች። እሷን ፍለጋ ነው።»

«ታዲያ እዚያው በአውሮፕላኑ በር አትጠብቂያትም?»

«በአውሮፕላን አይደለም የሄደችው።»

እጁ ማኅተሙ ላይ ቆመ። ከዚያ መታልኝና ፓስፖርቴን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ሐዋ ስታየኝ ሰላም እንኳ አላለችኝም። «ጠቁረሻል፣ ከሳሽ፣ ምን አበሉሽ?» አለችና ነገሩን ስትሰማ የበሯን መጋረጃ ዘግታ ተከተለችኝ። ኦቦክ ድረስ፣ ተሻጋሪዎቹ ጀልባ የሚጠብቁበት የባሕር ዳር ከተማ ድረስ፣ ከጎኔ ነበረች። በየኬላው እኔ ሳልናገር እሷ ትጮሃለች፤ በሶማሌኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ ሲብስባት በአማርኛ። «እናት ናት! እናት አታውቁም? ከድንጋይ ነው የወጣችሁት?» ያሳልፉናል።

ኦቦክ ሻይ የምትሸጥ የወሎ ሴት አገኘን። የራሔልን ፎቶ አሳየኋት።

«የጅማዋ ናት? ነርሷ?»

«ገና ተማሪ ናት።»

«እዚህ ነርስ ነበረች» አለች ሴትየዋ። «በእግሩ መጥቶ የቆሰለውን ሁሉ ስታጥብ ነበር የምትውለው። ትናንት በስቲያ ሄዱ።»

«በስንት ጀልባ?»

«በሁለት።»

«ደርሰዋል?»

ለሌላ ሰው ሻይ ቀዳች። ስኳሩን አማሰለችና ሰጠችው። «አንዱ ደርሷል፤ ደውለዋል።»

«የትኛው?»

«እሱን አላውቅም የኔ እናት።»

ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ደብተር አውጥታ ሰጠችኝ። ራሔል ውሃ እንዳይነካው ብላ ትታው ነው። የኮሌጅ ደብተሯ ነው፤ ከፊት ስለ ቁስል አስተጣጠብ ተጽፏል። ከኋላ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍላ፣ በአንድ በኩል ጅቡቲ በሌላው ባህሬን ብላ ጽፋበታለች። ከሥር የእኔ የድምፅ መልእክቶች ናቸው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ውሃ ጨዋማ፣ ውሃ የማይቋረጥ። መብራት ሲኖር፣ መብራት ሁልጊዜ። ሐኪም ቤት ወረቀት ይጠይቃል፣ ሐኪም ቤት ወለሉ ፊት ያሳያል። በባህሬን በኩል ከሁሉ በታች «እማ አለች» ይላል። በጅቡቲ በኩል በዚያ መስመር ምንም የለም።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ባህሬን አልተመለስኩም። ሐዋ ያንኑ ክፍል ሰጠችኝ፤ ወደብ ለሚሠሩ ሰዎች ምሳ አበስላለሁ። አልፎ አልፎ ከጭነት መኪናዎቹ ጋር ከጅማ የመጣ ቡና ሲያልፍ አያለሁ። ጆንያው ላይ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ተጽፎበታል። በየወሩ ኦቦክ እሄዳለሁ። ከዚያኛው ዳርቻ ተይዘው የሚመለሱ አሉ፤ ከጀልባ ሲወርዱ እቆማለሁ፣ ፎቶውን አሳያለሁ። የወሎዋ ሴት ሻይ ትቀዳልኛለች። አሁን አንጠያየቅም።

መልሱን እንግዲህ ልስጣችሁ። ኑሮ ባህሬን ይሻላል። ውሃው፣ መብራቱ፣ መንገዱ፣ ሐኪሙ፣ በሁሉም ይሻላል፤ ይህን ለመካድ አይቻለኝም። ልጄ ጠፋች ስል ግን እዚያ ቁጥር ሰጡኝ፣ እዚህ መጋረጃዋን ዘግታ የተከተለችኝ ሰው አለች። የምኖረው እዚህ ነው። ይሻላል አላልኩም።

ባለፈው ጥቅምት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። የማላውቀውን ቁጥር ሁሉ አነሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«አልማዝ፣ እኔ ነኝ።»

«ማን?»

«እትዬሽ።»

«ጽጌ፣ ምን ፈለግሽ?» አልኳት።

ከኋላዋ የቡና መፈልፈያው ማሽን ይሰማል፤ አጋሮ በዚያ ወር የምትሸተውን ያን የኮመጠጠ የገለባ ሽታ በስልክ ያሸተትኩት መሰለኝ።

«እንዲህ ሆነ እንግዲህ» አለች። «ይሁን። ሰናይት እሄዳለሁ ብላ አስጨነቀችኝ። ተምራ ጨርሳ ሥራ የለም። ሰውየው ጅቡቲም ባህሬንም መላክ እችላለሁ ይላል። ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ሁለቱንም ኖረሽባቸዋል። ከልጄ በቀር ማንም የለኝም አልማዝ። ምን ትያለሽ፣ ልላካት?»

«ላኪ» አልኳት።

«ምን?»

«ላኪ።»

«አልማዝ! በእግዚአብሔር፣ በየትኛው ነው? በአማርኛ ነው በኦሮምኛ?»

ስልኩን ዘጋሁት። አጥብቄው ይሁን አላልቼው እዚህ ብጽፈው አይታይም። ቀድሜ አንቺ ስላልኳት በዚህ ጊዜ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ ይሆናል። ጽጌ ግን ጆሮ አላት፤ ያን ጊዜም ነበራት።

ከዚያ ሰናይት ጋ በራሷ ስልክ ደወልኩ። ስለተቆለፈው በር፣ ስለ ሁለቱ ጀልባዎች፣ ስለ ደብተሩ ነገርኳት። አትሂጂ አልኳት። እንዳትሳሳት በኦሮምኛም ደገምኩት፤ «ሂን ዴሚን» አልኳት። «እሺ እትዬ አልማዝ» አለችኝ። «እማዬ ግን ላኪ አለችኝ ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው። ምን ልበላት?»

«ምንም አትበያት» አልኳት።

ሰናይት አልሄደችም። ጅማ አንድ መድኃኒት ቤት ሥራ ይዛለች። ለጽጌ እንደደወልኩላት አልነገረቻትም። ጽጌ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ አላነሳላትም። የማነሳው የማላውቀውን ቁጥር ብቻ ነው።